ለጥቂት

ስለ ቤዝቦል ልንጽፍ ነው ስንል ከመኝታ ክፍሉ ግማሹ ሳቀብን። «ደግሞ ምን ቀራችሁ!» ተባልን። መቸም እውነት ነው፤ እኛ ዱላና ሩር የምናውቀው በገና ጨዋታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኳስ ማለት የእግር ኳስ ነው። ነገሩን ያመጣብን ሥነ ጽሑፍ ነው። «ፊልድ ኦፍ ድሪምስ» የተባለውን የ1989 ፊልም (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ያየን ጊዜ፣ ግራም የተባለው ሽማግሌ ሐኪም የደራሲ ፈጠራ መስሎን ነበር። ለካስ በሕይወት የነበረ ሰው ነው! ጁን 29 ቀን 1905 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ መጨረሻው ላይ ተቀይሮ ገባ፤ ዱላ ይዞ የመምታት ተራው ሊደርስ ሲል ጨዋታው አለቀ። በትልቁ ሊግ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ሕክምናውን ጨርሶ ሚኒሶታ ውስጥ ቺዝሆልም በምትባል ትንሽ ከተማ ሰው ሲያክም ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ስሙን ሰው የማያነሣውን ተጫዋች ሁሉ መፈለግ ያዝን። ከሁሉ ያስጨነቀን ሃርቪ ሃዲክስ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ እንንገር። ወርዋሪው ኳሷን ይልካል፣ መቺው በዱላ ይመታል፤ መትቶም ሆነ በሌላ መንገድ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ከደረሰ ተረፈ፣ ካልደረሰ ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይለወጣል፣ እንዲህ እየተባለ ዘጠኝ ዙር። እንግዲህ ከአንድ ቡድን 27 ሰው ይወጣል ማለት ነው። 27ቱንም አንድ ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ የመለሰ ወርዋሪ «ፍጹም ጨዋታ» ተጫወተ ይባላል። ከ1880 እስከ 2023 ድረስ ይህ የሆነው 24 ጊዜ ብቻ ነው።

ሃዲክስ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ግራኝ ወርዋሪ ነበር። ሜይ 26 ቀን 1959 ሚልዎኪ ላይ ሲሰለፍ ጉንፋን ጥሎት ነበር። ሃንክ አሮንና ኤዲ ማቲውስ ያሉበትን ቡድን 27 ሰው በተራ መለሰ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ግን የገዛ ጓደኞቹ አንድ ነጥብ አላገቡለትም! ዜሮ ለዜሮ። ስለዚህ አሥረኛውን ዙር ወረወረ፣ አሥራ አንደኛውን፣ አሥራ ሁለተኛውን። 36 ሰው መጣ፣ 36 ሰው ተመለሰ። በ13ኛው ዙር ተራ ኳስ ወደ ዶን ሆክ ሄደች፤ ሆክ አንሥቶ ሲወረውር አበላሸ፣ መቺውም ደረሰ። ፍጹምነቱ እዚያ ላይ አከተመ። ማቲውስ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ጓደኛውን አሻገረ፤ አሮንን ሆን ብለው አሳለፉት፤ ከዚያ ጆ አድኮክ ኳሷን ከአጥር ወዲያ ሰደዳት። አጨራረሱ እንኳ ወግ የለውም። አሮን አለቀ ብሎ መንገዱን ትቶ ሲወጣ አድኮክ ቀደመው፤ በሕጉ መሠረት ውጤቱ 1 ለ 0 ብቻ ሆኖ ተመዘገበ።

በ1991 ደግሞ ሊጉ ደንቡን አጥብቆ፣ ሳይመታ እስከ መጨረሻው ያልዘለቀ ወርዋሪ አይቆጠርም አለና የሃዲክስን ጨዋታ ከመዝገቡ አወጣው። ሃዲክስ ያኔ በሕይወት ነበረ።

ይኸን እያነበብን ሳለ ክርክሩን ያመጣው የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ጁን 2 ቀን 2010 ዲትሮይት ላይ ቬኔዝዌላዊው አርማንዶ ጋላራጋ 26 ሰው መለሰ። ሃያ ሰባተኛውም ወጥቶ ሳለ ዳኛው ጂም ጆይስ «ደርሷል» አለ። ጋላራጋ ፈገግ አለና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቀጣዩን ሰው አስወጣ። ጆይስ በኋላ ፊልሙን ሲያይ ስህተቱን ያለ ምንም ማንገራገር አመነ፤ ይቅርታም ጠየቀው። በማግስቱ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ለዳኛው ያስረከበው ራሱ ጋላራጋ ነው፤ ጆይስም ሜዳው ላይ አለቀሰ። የሊጉ ሹም ቡድ ሲሊግ ግን ውሳኔውን አልለወጠም።

ግማሻችን «ሁሉም ካመነ ለምን አይታረምም?» አልን። ግማሻችን «ዛሬ አንዱን ካረምክ የትላንቱን ሁሉ ልታርም ነው?» አልን። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አለፈ። ሳናስተውል ቀረን እንጂ ከመሀላችን አንዱ ዝም ብሏል። ባለፈው መንፈቅ ውጤቱ በድምር ስህተት ዝቅ ብሎ የተመዘገበበት ልጅ ነው፤ አስተማሪው ስህተቱን አምኖለት ሳለ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ቀርቷል። (አስተማሪው እንደ ጆይስ አላለቀሰም።) ያኔ አይዞህ ብለነው ወደ ፈተናችን ዞርን። አቤቱታውን ይዞ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ አብረነው የሄድን የለንም፤ ይኸን ለመጻፍ ያፍራል እጃችን። ለማያውቁት አሜሪካዊ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገትን።

እሱ በመጨረሻ የጠየቀን ስለ ደንቡ አይደለም። «ያ ሃዲክስ ግን ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» አለ።

መጽሐፉን ገለጥን። ኦክቶበር 13 ቀን 1960 ፒትስበርግ ለዓለም ዋንጫ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫውታ 10 ለ 9 አሸነፈች። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በመጨረሻው ዙር ኳሷን ከአጥር ያሻገራትን ቢል ማዜሮስኪን ነው። በዚያ ሰዓት የፒትስበርግ ወርዋሪ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መዝገቡ ላይ ግን «አሸናፊ ወርዋሪ» በሚለው አንጻር ሃርቪ ሃዲክስ ተብሎ ተጽፏል።