የፈረስ ቅልጥም ሲታመም፤ ከዓለም ባንክ ሰፈር የተገኘ ትምህርት

ለኢትዮጵያ ሰው ፈረስ ከሌላው ከብት ጋር የሚቆጠር አልነበረም። በሰላም ጊዜ ጌጥ፥ በጦርነት ጊዜ ጓደኛ ነበር። መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ደስ ይላቸው ነበር፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ መባላቸውን የማያውቅ የለም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከአባቶቻችን ጋር የተሰለፈውን ፈረስ ለማሰብም፥ በ1932 ዓ.ም. በአገው ምድር የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል።

ይህን ያህል ክብር ለፈረስ ስም የሰጠን ሕዝብ ለፈረስ እግር ምን ያህል እንደምናስብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን፥ ወደ በዓሉ ሜዳ ሳይሆን ጋሪ ወደሚጎተትበት ወደ ከተማ ዳርቻ ቢሄድ ይሻለዋል። እኔም ሳላስበው ይህን ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴን ልጠይቅ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሄድኩ ጊዜ ነው።

ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ስሙን የሰማ እንግዳ ትልቅ የገንዘብ ቤት የሚያገኝ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሰፈሩ በዚህ ስም የተጠራው የዓለም ባንክ በሰጠው ገንዘብ በተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ምክንያት ነው። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በአየር ጤና በኩል የሚሄድ መንገደኛ ይደርስበታል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ደጋግሞ ይታያል፤ ከተማው እየሰፋ ቢሄድም የገጠሩ ነፋስ ገና አልራቀም።

የዚያን ሰፈር መንገድ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሦስት ዓይነት መሬት ያገኛል። ዋናው ጎዳና አስፋልት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ኮብልስቶን የሚሉት የጥርብ ድንጋይ ንጣፍ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራና ኮረት ነው። የዓለም ባንክ በ1950 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብድር ሲሰጥ አንዱ ክፍል ለአውራ ጎዳና ሥራ የዋለ ነበር። መንገድ መሠራቱ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዳሩ ግን ለመኪና ጎማ የተመቸ መንገድ ለፈረስ እግር ሁልጊዜ አይመችም። ለስላሳ ሣር የለመደ እግር ድንጋይ ሲረግጥ፥ የእያንዳንዱ እርምጃ ምት ወደ አጥንቱ ይመለሳል።

በዘመዴ ቤት ጎረቤት አንድ ባለጋሪ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ወደ ግቢው በገባሁ ጊዜ አንድ ዳማ ፈረስ በአጥሩ ጥግ ታስሮ፥ ግራ የፊት እግሩን እያሳረፈ ቆሟል። በአጠገቡም በከሰል ምድጃ ላይ አንድ ቀጭን ብረት ቀልቶ ነበር። ባለጋሪው ፊቱን አጥቁሮ ሲቀመጥ፥ አንድ ሽማግሌ ደግሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊተኩሱት ተዘጋጅተዋል። ፈረሱን ከገዛው ገና ሁለት ወር ነው፤ የገዛበትም ገንዘብ ገና ተከፍሎ አላለቀም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ደግሞ ከፊቱ ቆሟል። ፈረሱ አንድ ቀን ካልሠራ ቤቱ አንድ ቀን ይጎድላል።

ሚስቱ ግን ብረቱ ሳይነሣ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስጠርታ ነበርና፥ ወጣቱ ሐኪም በዚያው ሰዓት ደረሰ። ሽማግሌውን አክብሮ እጅ ነሥቶ፥ «አባባ፥ ትንሽ ይታገሡኝ፤ መጀመሪያ በእጄ ልዳስሰው» አለ። ከዚያም ፈረሱን በሶምሶማ አስመራው። የታመመው እግር መሬት በነካ ቁጥር ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር። ቀጥሎ እግሩን ከጉልበቱ ጀምሮ ወደ ታች በጣቶቹ ዳሰሰ። ከጉልበቱ በታች አራት ጣት ያህል ወርዶ፥ በእግሩ ውስጠኛ ወገን ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክል እብጠት አገኘ፤ ሲነካው ይሞቃል፤ ጫን ሲለውም ፈረሱ እግሩን ይነጥቃል። በመጨረሻ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየና፥ «ጋሼ፥ ይህ ፈረስ ገና አራት ዓመት አልሞላውም፤ በልጅነቱ የጎልማሳ ሥራ ተሰጥቶታል» አለው።

ስለዚህ በሽታ ሐኪሙ የነገረንን ለአንባቢዎች ጥቅም በአጭሩ እገልጻለሁ። የፈረስ ቅልጥም አንድ ወፍራም አጥንት ብቻ አይደለም። ከወፍራሙ አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ተለጥፈው ይወርዳሉ። የጥንት ፈረሶች በእያንዳንዱ እግር ብዙ ጣት እንደ ነበራቸው ከምድር ተቆፍረው የወጡ አጥንቶች ያስረዳሉ፤ በረጅም ዘመን አንዱ ጣት ጸንቶ ሲቀር፥ እነዚህ ቀጫጭን አጥንቶች የሌሎቹ ቅሪት ሆኑ። በልጅነት ጊዜ ከዋናው አጥንት ጋር የሚያያይዛቸው ጅማት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ግን ማያያዣው ብዙውን ጊዜ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። እንግዲህ ይህ ሳይጸና ፈረሱ በደረቅ መሬት ላይ ብዙ ከሮጠ፥ ወይም ከባድ ጭነት ከጎተተ፥ ጅማቱ ይጎዳል፤ የአጥንቱም ሽፋን ይቆጣል። ሰውነቱም ቦታውን ለማጽናት አዲስ አጥንት ይሠራል፤ እኛ እብጠት ብለን የምናየው ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በፊት እግር ውስጠኛ ወገን ነው፤ ጉልበቱ የአካል ክብደት የሚበዛበት በዚያ በኩል ስለ ሆነ ነው። ኮቴው ሳይስተካከል ሲያድግ፥ ወይም አንዱ እግር ሌላውን ሲመታም ይኸው ሕመም ይመጣል።

ነገር ግን በፈረስ እግር ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ፈረሱ ተረግጦ ወይም ተመትቶ ከሆነ ቀጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል በራጅ መታየት ይገባዋል። እባጮቹ በመስመር ተደርድረው ወጥተው ፈንድተው መግል የሚያፈሱ ከሆነ ደግሞ፥ ያ በደጋ ከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ሌላ ተላላፊ በሽታ ነውና ፈረሱን ከሌሎች መለየት፥ ኮርቻውንና መታጠቂያውንም አለማዋስ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጄ፥ እኛ ስንት ፈረስ ተኩሰን አድነናል» አሉ። ሐኪሙም አልተቆጣም። «አባባ፥ የተኮሳችሁት ፈረስ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ያርፍ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «ቁስሉ እስኪሽር ወር ከዚያም በላይ ይቆማል እንጂ ማን ይጭነዋል!» ብለው መለሱ። «እንግዲያው ያዳነው ዕረፍቱ ነው፤ እሳቱ ግን ሌላ ቁስል ጨመረበት» አላቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ብረቱን ከምድጃው አወጡና በውሃ አበረዱት። የመተኮስ ልማድ በእኛ አገር ብቻ የነበረ አይደለም፤ በአውሮፓም የታወቀ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በፈረስ እግር ጅማት ላይ መርምረው፥ መተኮስ ለፈውስ እንዳልረዳ አስታውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የታዘዘው ሕክምና ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን ጽናት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በቀን ሦስት ጊዜ፥ በእያንዳንዱም ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ በእግሩ ላይ ማፍሰስ፤ ከዚያ እግሩን አድርቆ፥ ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን እኩል አድርጎ፥ ሳያጠብቁ በፋሻ መጠቅለል፤ ሁለት ሳምንት በጋጣ ማቆም፤ ቀጥሎም በለስላሳ መሬት ላይ በእጅ እየሳቡ ጥቂት ጥቂት ማራመድ፤ ጋሪውንም እስከ ስድስት ሳምንት አለማሳየት። በዚያን ጊዜም ቦታው ሲጫኑት የሚያመው ከሆነ ቀኑን ማራዘም። ፈረሱ ሥራ ስለ ፈታ ገብሱ ይቀነስ፥ ድርቆሹ ግን አይጓደልበት። ኮቴውም ተከርክሞ ይስተካከል። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ሰጠና፥ ከእርሱ ትእዛዝ ውጭ እንዳይጨመር አስጠነቀቀ፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ሆድና ኩላሊት ይጎዳል፤ ደግሞም ሕመሙን ስለሚሸሽግ ባለቤቱ ፈረሱ የዳነ መስሎት ወደ ሥራ ይመልሰዋል።

ባለጋሪው ይህን ሲሰማ፥ «ዶክተር፥ ፈረሱ ስድስት ሳምንት ቢያርፍ እኛስ ምን በልተን እናርፋለን?» አለ። ሐኪሙ ለዚህ መድኃኒት አልነበረውም፤ እኔም መልስ አጣሁ። መልሱን የሰጠችው ሚስቱ ናት። ሁለቱ የገቡበት እቁብ ነበር፤ ተራቸው ግን ገና ሩቅ ነበር። በማግሥቱ እሑድ ወደ እቁቡ ዳኛ ሄዳ ችግሯን አስረዳች፤ የፊተኛውን ዕጣ የያዘችው ጎረቤትም ተራዋን ለቀቀችላት። ባለጋሪውም በእነዚያ ሳምንታት ባልንጀራው ጋሪ ላይ በቀን ጥቂት ሰዓት እየነዳ የሚያገኘውን ተካፈለ። እንዲህ ሆኖ ቤቱ ሳይራብ ፈረሱ አረፈ።

ውሃውም ሌላ ችግር ነበር፤ ቧንቧው በፈረቃ ይመጣልና። የአሥር ዓመት ልጃቸው ግን ዘዴ አገኘ። ማታ በጀሪካን የተሞላውን ውሃ ደጅ ያሳድረዋል፤ የጥቅምት ሌሊት እንደ በረዶ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል። ጠዋት በጆግ ከጉልበቱ በታች እያፈሰሰ፥ የወረደውን በሳፋ ተቀብሎ መልሶ ያፈስሳል። ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ፥ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ጊዜ ይህን ይፈጽም ነበር። ፈረሱም በመጀመሪያ ይፈራው የነበረውን ውሃ ከሦስት ቀን በኋላ እግሩን ራሱ አቅርቦ ይቀበል ጀመር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ተመልሼ ሳይ ዳማው ፈረስ በጋሪው ላይ ነበር። ባለጋሪው ጭነቱን ቀንሶ፥ ሲሆንለትም ኮብልስቶኑን ትቶ በአፈሩ ጥግ ጥግ ይነዳው ነበር። እብጠቱን ዳሰስኩት፤ አልጠፋም፤ ነገር ግን ቀዝቅዞ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ ሲጫኑትም ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለው ምልክት በእግሩ ላይ ቢቀርም ብዙውን ጊዜ ለሥራ አያግደውም።

ክቡራን አንባቢዎች፥ ከእኛ መካከል በገጠር ርስታቸው ወይም በግቢያቸው ፈረስ ያላቸው አሉ፤ የሌላቸውም ቢሆኑ የጋሪ ፈረስ ያመጣላቸውን ዕቃ ይቀበላሉ። ከዚህ ከዓለም ባንክ ቤተ ሰብ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። ፈረስ ስንገዛ ጥርሱን አሳይተን ዕድሜውን እንወቅ፤ ልጅ ከሆነም ከባድ ሥራ አንስጠው። ማታ ማታ ጋጣ ሲገባ አራቱንም እግሮች በእጃችን እንዳስስ፤ ትኩሳት በጊዜ ከተገኘ የጥቂት ሳምንት ዕረፍት ይበቃዋል፤ ከቆየ ግን ወራት ይወስዳል። ሲታመምም ብረት ከማጋል በፊት የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያስተምር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ስላለ፥ አገራችን የተማረ ሰው አላጣችም።

በሥልጣን ላይ ያሉትም መንገድ ሲያሠሩ በጎዳናው ዳር ለእንስሳት የሚሆን የአፈር መተላለፊያ ቢያስቀሩ፥ ብዙ እግር ከሕመም ይድናል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ እንዲያደርሰን ግን እግሩ ጤነኛ መሆን አለበት። ልጆቻችንንም የነገሥታቱን የፈረስ ስም ስናስጠናቸው፥ የፈረሱን እግር መዳሰስ አብረን እናስተምራቸው።