በዋቤ ወንዝ ለመዋኘት ለሚወርዱ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲጓዝ ወልቂጤ የደረሰ ባለቤተሰብ፥ ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹን ይዞ ወደ ዋቤ ወንዝ መውረድ ያምረዋል። ወደ ቡታጅራ የሄደስ ሐረ ሸይጣንን ከገደሉ አፋፍ አይቶ ይመለሳል፤ የተወረወረ ድንጋይ እንኳ ከሐይቁ አይደርስም ይባላልና።

የጠራ ውሃ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። ውሃው ረጋ ባለበት ዳር ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣው፥ ዓይን የማያየው የብልሃርዝያ ትል የዋናተኛውን ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ውሎ አድሮም አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ምርመራው ብዙ ወጪ የለውም፤ ቀንድ አውጣውን ለቅሞ በብርጭቆ ውሃ ለብርሃን ቢያሳዩት፥ ትሉ ካለበት ይወጣል፥ በአጉሊ መነጽርም ይታያል። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየታቸው የታወቀ ነው።

ሥፍራው እስኪመረመር ድረስ፥ ልጆችን ተቀድቶ ሁለት ቀን በአደረ ውሃ ማጠብ ይሻላል፤ ትሉ ከዚያ በላይ በውሃ ውስጥ አይቆይም።