እሳቱ ባይበርድስ?

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች፣ ከሆዳንም ጭምር፣ ወደ ቁልቢ ለመጓዝ የሚሰናዳ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም። አንዱ በልጅ፣ አንዱ በጤና፣ ሌላው በሥራ ምክንያት የተሳለውን ስለት ይዞ ይሄዳል፤ መሄድ ያልቻለውም ጥላውን ወይም ገንዘቡን ለመንገደኛ አደራ ይሰጣል። ራስ መኰንን ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ይህ ደብር ራሱ የምስጋና ሥራ ነው። ስለቱ የሠመረለት እልል ሲል የማይደሰት የለም። ነገር ግን በዚያው ሕዝብ መካከል ዓምና ለምኖ ያልተሰጠው፣ ዘንድሮም የሚለምን ሰው ይቆማል። የዚህ ሰው እምነት ጎደሎ ነውን?

በዕለቱ የሚታሰበው ታሪክ መልሱን ይዟል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለወርቁ ምስል እንዲሰግዱ በታዘዙ ጊዜ፣ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ እንደማይሰግዱ ለንጉሡ አስታወቁ። ይህ ቃል የተነገረው ከእሳቱ በፊት ነው፤ መልአኩ ነበልባሉን ያበረደው ኋላ ነው። እምነታቸው ተአምሩን ቀደመው እንጂ ተአምሩ እምነታቸውን አልወለደውም። ምእመናን በሥዕል የሚያዩት ክንፉን የዘረጋውን መልአክ ነው። ያ የፊተኛው ቃል በሥዕል አይታይምና በቀላሉ ይረሳል።

እሳቱ ያልበረደላቸውም አሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ምስል አሠራጨ። ከሟቾቹ ሁለቱ የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ሰፈሩ የሚጠራበት ሕፃን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ከፈላ ውኃ በመልአኩ መዳኑ ሐምሌ 19 ይታሰባል። ለወጣቶቹ ግን እንዲህ ያለ ማዳን አልወረደላቸውም። ያለቀሱላቸው ምእመናን ሰማዕታት አሏቸው እንጂ መልአክ የራቃቸው አላሏቸውም።

ነገሩ ለጅቡቲ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በኦቦክ በኩል በደረሱ የጀልባ አደጋዎች በርካታ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። በዚያች ሰዓት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የተረፈውም የሰጠመውም ፈጣሪውን ሳይጠራ አልቀረም። የተረፈው በእምነቱ ብርታት ተረፈ ማለት የሰጠመውን እምነት የለሽ ማድረግ ነው። ይህን ፍርድ በሟች እናት ፊት ደፍሮ የሚናገር ማን ነው?

ምልክትን ብቻ መጠበቅ ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ሲጀምር፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ አንዳንድ ሕሙማን ክኒኑን መዋጥ እምነትን መካድ መስሏቸው ትተውት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። በዚህ ትምህርት መሠረት ጸበሉን ተጠምቆ፣ ክኒኑን በሰዓቱ ውጦ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ከእምነቱ አልጎደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ከሥጋው መውጊያ እንዲገላገል ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነቀለለትም፤ የሚችልበት ጸጋ ግን ተሰጠው።

ይህ ሁሉ ተአምር የለም ለማለት አይደለም። ተአምር ሲመጣ የሚያስደስት እንግዳ ነው፤ ቤቱ ግን በእንግዳ አይቆምም። ምልክት ያየ ያመስግን፤ ያላየውንም አይናቀው። ጸሎቱ ያልተመለሰለትን ወንድም ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው እያሉ መመርመር የጎረቤት ሥራ አይደለም። የጎረቤት ሥራ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማሳሰብ፣ ኀዘን ሲደርስበት አብሮ መቀመጥ፣ ሲጸልይም አብሮት አሜን ማለት ነው።