ከወልድያ እስከ ቆቦ፦ ጭብጨባ ደመወዝ አይከፍልም

ከወልድያ ተነስተው ጎብዬንና ሮቢትን ሲያልፉ የራያ ቆላ ይዘረጋል። ግራ ቀኙ ማሽላ ነው፤ ቆቦ ሲደርሱ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። በየሻይ ቤቱ የወልድያ ከነማ ነገር ይነሳል። በ2009 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ ተመልሶ፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆለት፣ በ2010 ወረደ። ደጋፊ አንሶት አልነበረም።

የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመሥሪያ ቤት በጀት ነው፤ የትኬት ገቢ የተጫዋች ደመወዝ አይሸፍንም። በጀቱ ሲቆም የሚፈርሱም አሉ። በነርስነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ ጠያቂ የበዛለት ሕመምተኛም መድኃኒት የሚገዛለት ካጣ አይድንም።

የራያ ገበሬ ዝናብ ብቻ አይጠብቅም፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ክለቦቻችንም የደጋፊውን ፍቅር ወደ ወርኃዊ መዋጮ ይጥለፉት፤ ሒሳቡንም በግልጽ ይንገሩት።