አራዳው ያመለጠበት ዓርብ

አራዳ የሰፈር ስም ነው፤ የጠባይም ስም ነው። ሰፈሩ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ከጥንቱ ገበያ ጋር አደገ፤ ጠባዩ ደግሞ ከገበያው ግርግር ተወለደ። አንድን ሰው «እሱ እኮ አራዳ ነው» ስንል ደግ ነው ወይም ጀግና ነው ማለታችን አይደለም። አይሞኝም፣ ነገር ሲከብድ የሚወጣበትን በር ከሌላው ቀድሞ ያያል ማለታችን ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። ይህን ጠባይ ከእናቴ ወረስሁ ብል እዋሻለሁ፤ እናቴ ገራገር ነበረች። የተማርሁት ከመንገዱ ነው። ጠብ ሲነሣ፣ ሒሳብ ሲመጣ፣ ልቅሶ ሲረዝም ሹልክ ማለት እችልበት ነበር። ጓደኞቼም በዚህ ያደንቁኝ ነበር። አንድ ቀን ሹልክ ያልሁበት ቦታ ግን እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም። ቀኑ የ2005 ዓ.ም. ስቅለት፣ ሚያዝያ 25 ነበር።

ሰሙነ ሕማማትን አራዳ ጊዮርጊስ ያሳለፈ ሰው የዚያን ሳምንት ጸጥታ ያውቀዋል። ከበሮው ዝም ይላል፤ ጸናጽሉም ዝም ይላል። መጋረጃው ጥቁር ይሆናል። ካህኑ መስቀል አያሳልምም፤ ምእመናኑም እንደ ወትሮው ተሳስመው ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና። ግብረ ሕማማት በየሰዓቱ ይነበባል። ሐሙስ በቤተ ክርስቲያን እግር ይታጠባል፤ በየቤቱ ስንዴና ባቄላው ተነክሮ ጉልባን ይቀቀላል። ዓርብ ሲደርስ ቅጥሩ ነጠላውን መስቀለኛ ባጣፋ ሕዝብ ይሞላና ከበሩ ውጭ እስከ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ይተርፋል።

ካህናቱ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሕዝቡ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። በሦስት ሰዓት ግርፋቱን፣ በስድስት ሰዓት ስቅለቱን፣ በዘጠኝ ሰዓት ሞቱን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት መቀበሩን እያሰበ ጉልበት ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይቆጥራል። ሲመሽ ካህኑ በወይራ ዝንጣፊ ጀርባን ቸብ ቸብ አድርጎ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰግደውን ቁጥር ይሰጠዋል።

ልጆች ሳለን ይህ ሁሉ ለእኛ ውድድር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቄጠማችንን በራሳችን ላይ አስረን ስንገናኝ «ስንት ሰገድህ?» እንባባላለን። አንዱ መቶ ሲል ሌላው ሁለት መቶ ይላል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ እናገር ነበር፤ ማን ቆጥሮኝ?

እናቴ የታመመችው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ሆዷን ነበር። በሕማማት ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ረቡዕ ደኅና መስላ ነበር፤ ሐሙስ ማታ ግን ትኩሳቱ ተነሣባት። ሐኪሙ በአፏ ምንም እንዳይገባ አዘዘ። ዓርብ ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኗን ገለጠችና «ጠማኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተከልክሏል እኮ።»

«እንግዲያው ከንፈሬን አርጥብልኝ።»

ይህ አልተከለከለም ነበር። ነርሷ ጥጡንና ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄዳለች። እኔ ግን ያንን የተሰነጣጠቀ ከንፈር ማየት አቃተኝ። ጥጡን አነሣሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። «መጣሁ» ብያት ወጣሁ። የአራዳ ልጅ «መጣሁ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል።

በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ወርቅ ቤቶቹ በአብዛኛው ተዘግተዋል። አንድ የተከፈተ ካፌ አገኘሁና ጥግ ይዤ አምቦ ውሃ አዘዝሁ። ብርጭቆውን አንሥቼ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥሁት። ሁለተኛ ቀዳሁ። እናቴ «ጠማኝ» ካለችኝ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ከዚያ የሄድሁበት ቦታ ደግሞ ከካፌው የባሰ ማምለጫ ነበር፤ ጊዮርጊስ ገባሁ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ሰገድሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰግጄ አላውቅም። ላቤ በግንባሬ እየወረደ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ጉልበቴ ተላላጠ። ያየኝ ሁሉ «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ወጣት ነው» ሳይል አልቀረም። አንድ ሽማግሌ ካህን በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው «ሃምሳ ስገድ» ሲሉኝ መቶ ሰገድሁ። ቀለለኝ። ንጹሕ የሆንሁ መሰለኝ። ከእናቴ አልጋ የሸሸሁት ሰው የመስቀሉን መከራ ተካፍዬ የተመለስሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ወደ ሆስፒታሉ ሄድሁ።

ከአልጋው አጠገብ የጎረቤታችን ባልቴት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዶሮ ማነቂያ ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እየደረደሩ በጉልት የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ጥጡ በእጃቸው ነበር። ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ጨመቅ ያደርጉታል፤ የእናቴን ከንፈር ቀስ አድርገው ያብሱበታል። የእሳቸው ከንፈር ከእናቴ ይልቅ የደረቀ ነበር።

«እትዬ፣ መቼ መጡ?» አልኋቸው።

«ጠዋት ነዋ! አንተ እንደወጣህ።»

«እህል ቀመሱ ታዲያ?»

«አክፍያለሁ እኮ ልጄ።»

አክፍሎት ይዘዋል ማለት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም፤ እስከ ትንሣኤ ሌሊትም አይዞርም። ቀኑን ሙሉ ውሃ በእጃቸው ይዘው የሌላ ሰው ከንፈር ሲያርሱ አንዲት ጠብታ አልቀመሱም። እኔ አፍሬ ወሬ ለማስቀየር ያህል፣ «ታዲያ ስግደቱ አመለጠዎት» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ያመልጠኛል ልጄ? እናትህ እዚህ ተኝታ እሱ ወዴት ይሄዳል?»

እናቴ በዚያው ሌሊት ዐረፈች። እጇን ይዤ ነበር፤ ግን እኔን ማወቅ ካቆመች ሰዓታት አልፈዋል።

ቅዳሜ ቀበርናት። ሌላ የማላውቀው ነገር የገጠመኝ ያን ጊዜ ነው። ጸሎተ ፍትሐት አልተደረገላትም። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ጥፋቴ ሲያንገበግበኝ ስላደረ ንዴቴን ወደ ካህናቱ አዞርሁት። «እናቴ እንደ ሰው አትሸኝም እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። አንድ ካህን ትከሻዬን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ነበርህ?»

«ነበርሁ አባ።»

«እንግዲያው ተደርጎላታል። በዚህ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ ፍትሐቱ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። ማን እንደሚሞት ስለማናውቅ ለሁላችንም ነው የተደረገው። ለአንተም ተደርጎልሃል።»

ምክንያቱንም አስረዱኝ። ሳምንቱ ከአዳም ውድቀት እስከ ክርስቶስ መምጣት ያለፈው የ5500 ዘመን፣ የዓመተ ፍዳ ምሳሌ ነው። በዚያ ዘመን ከሲኦል የሚፈታ ስላልነበረ ቤተ ክርስቲያንም ፍትሐት የላትም። ከሟች ጋር ሟች፣ ከታሳሪ ጋር ታሳሪ ሆና ትጠብቃለች ማለት ነው። እኔ እናቴ ተለይታ የተረሳች መስሎኝ ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሁላችንም ከእሷ ጋር በአንድ ወገን፣ በሞት ወገን ቆመን ነበር። ከዚያ ቆሞ መጠበቅ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ወንጌል አወጣሁ። የስቅለቱን ታሪክ ከአራቱም ወንጌላውያን ደጋግሜ አነበብሁ። ከዚያ በፊት ዓይኔ የሚያርፈው በጅራፉ፣ በእሾህ አክሊሉና በችንካሩ ላይ ነበር። አሁን ግን ከመስቀሉ ሥር የቆሙት ሰዎች የሚሉት ነገር ያዘኝ። አላፊ አግዳሚው፣ የካህናት አለቆች፣ ወታደሮቹ፣ አብሮት ከተሰቀሉት ወንበዴዎች አንዱ ሳይቀር የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ራስህን አድን፣ ውረድ ይሉታል።

ይህ እኮ የአራዳ ምክር ነው! ሌላውን ማዳን ከቻልህ ለራስህ እንዴት ታንሳለህ? በር ካለህ ለምን አትወጣም? ክርስቲያን ደግሞ በሩ እንደነበረው ያምናል። መውረድ የሚችል ሆኖ አልወረደም። በእንጨቱ ላይ ያቆየው ችንካሩ ሳይሆን ፍቅሩ ነው የሚባለው ትምህርት ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ሲያልፍ ኖሮ ያን ጊዜ ገና ገባኝ። ከመስቀሉ ላይ ጠማኝ ያለውም እሱ ነው። ሰው ሁሉ የሚሸሽበት ቦታ ላይ፣ ከንፈር የሚደርቅበት፣ ሐኪም እጁን የሚያጣጥፍበት፣ ልጅ «መጣሁ» ብሎ የሚጠፋበት ቦታ ላይ እግዚአብሔር ሳይሸሽ ቆሟል ማለት ነው።

ይህን ስል ሕመም በራሱ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ጸልዮአል። በሽተኛ ሲመጣለትም ፈወሰ እንጂ ሕመም ደግ ነው ቻለው ብሎ አልሸኘም። የአዳም ዕዳ በመስቀል ተከፈለ ብላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ እኔም አምናለሁ። ጥፋቴ ይህን እንደ ደረሰኝ መያዜ ነበር፤ ተከፍሏል፣ ከእንግዲህ እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንደማለት። አራዳ የተከፈለ ሒሳብ ሲያገኝ ቶሎ ከወንበሩ ይነሣል።

ደቀ መዛሙርቱ ተበተኑ። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ካደ፤ እኔ አምቦ ውሃ እየጠጣሁ። እስከ መጨረሻው ከመስቀሉ ሥር የቆሙት እናቱ፣ ጥቂት ሴቶችና ዮሐንስ ናቸው። ምን አደረጉለት ቢባል ምንም። ሊያወርዱት አልቻሉም፤ ሕመሙንም አላቀለሉለትም። ቆሙ ብቻ። እትዬም በሆስፒታሉ የተቀመጡት እናቴን ሊያድኗት አልነበረም።

አራዳ የማይሸሹ ሰዎችንም አውቋል። የጴጥሮስን ስም የያዙት ጳጳስ፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ ፋሺስቶቹ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠይቋቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። እኔ ሹልክ ባልሁበት ሰሞን ሐውልታቸው ለባቡሩ ሥራ ሲባል ተነሥቶ ነበርና አደባባዩ ባዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ጊዮርጊስም ራሱ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ወቅት ከተማው ሲነድ እሳት ተለቆበታል። ከአድዋ ድል በኋላ ከተሠራው ከዚያ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ሥር ስሰግድ፣ ግድግዳው ከእኔ ይልቅ ስለ መከራ እንደሚያውቅ አስባለሁ።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ። የዚያ ዓመት ስቅለት እንደ እናቴ ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ዋለ። ጊዮርጊስ ስደርስ ከመንደራችን ሰዎች ብዙዎቹን በቅጥሩ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ማንም ተነጋግሮ አልመጣም። እትዬ ከአንድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከከተማው ዳር ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ነው የመጡት። እጅ ነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉኝ። «ዘንድሮ እንዲሁ ቁጭ ብዬ ዋልሁ።»

«እኔም አብሬዎት እቀመጣለሁ።»

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የትም አልሄድሁም። ስለ ጉልታቸው፣ ስለ አዲሱ ቤታቸው ደረጃ፣ ስለ እናቴ አወራን። ሲመሽ አንድ ካህን መጥተው በወይራው ትከሻቸውን ነካ አደረጉና «አርባ» አሏቸው። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስገድልኝ።»

ተነሣሁና ሰገድሁላቸው። ሰው አይቶኝ ይሁን አይየኝ ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም። ጨርሼ ነጠላዬን እያስተካከልሁ ወደ እሳቸው ስመለስ በደረቀ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አሉኝ። «እየቆጠርሁ ነበር፤ አንተ አራዳ!»

ተመለስሁና አንዷን ሰገድሁ።