የሄደውን ተወው፣ የሚመጣ አለ

በዚህ ገጽ ላይ «እኛ» ስንል ብዙ ሰው የመሰልናችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ አንዲት ሴት ነን። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የምንለው ለወግ ያህል ነው። ዛሬ ግን መደበቂያም ሆኖናል። ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እንናዘዛለን፤ እስከዚያው ስለ ኳስ እናውራ።

የምን ኳስ? የአሜሪካኖቹ፣ ያ እንቁላል የመሰለው። በ2016 ክረምት የአክስታችን ልጅ ከሜሪላንድ ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ይዞት መጣ። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ቁመቱ በገባ በወጣ ቁጥር ከበራችን ጉበን ጋር ያጋጨዋል። አማርኛው ደግሞ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» የሚል ነው። ታናሽ ወንድማችንን «አንቺ ጎበዝ ነሽ» ሲለው ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሃይስኩል እያለ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተጫውቷል።

«ስንት ጎል አገባህ?» አለችው እናታችን።

«እኔ ኳስ አልነካም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

ትንሽ አሰበና «ሰው እጠብቃለሁ» አላት። እናታችን ወደ እኛ ዞር ብላ «ዘበኛ ነው እንዴ?» አለች።

እውነትም ዘበኛ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ከአጥቂው ቡድን 11 ሰዎች አምስቱ ከፊት ይደረደራሉ፦ መሐል ላይ ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ታክሎች። ከኋላቸው ኳርተርባኩ አለ፤ ኳሷን ተቀብሎ፣ ዓይኑን ሩቅ ጥሎ፣ ለሚሮጥለት ጓደኛው የሚወረውረው እሱ ነው። ለዚህ ሦስት ሰከንድ ገደማ ያስፈልገዋል። አምስቱ የሚለፉት እነዚያን ሦስት ሰከንዶች ለመግዛት ነው። ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። በኤን.ኤፍ.ኤል. ከ50 እስከ 79 ያለውን ቁጥር ይለብሳሉ፤ ከእነሱ አንዱ ለአንዲት ጨዋታ ኳስ ልቀበል ቢል አስቀድሞ ለዳኛው ማመልከት አለበት። (ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ እንደማሳደስ በሉት።) ተጋጣሚውን ጨብጦ ቢይዝ ደግሞ ቡድኑ 10 ያርድ ወደ ኋላ ይቀጣል፣ ዳኛውም ቁጥሩን በማይክራፎን ይጠራል። በደህና ቀን የሚጠራው የለም። እኛም ጋዜጠኝነት ስንማር የጨዋታ ዘገባ እንጽፍ ነበርና ያገባውን፣ ያቀበለውን፣ ቀይ ካርድ ያየውን ቆጥረን፣ የቀረውን «ቡድኑ» ብለን እናልፍ እንደነበር ትዝ አለን።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ተነስተን እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ፓርኩ በመስከረም 2013 ከተመረቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ወጣት ፎቶ ለመነሳትም፣ ፍቅር ለመጀመርም ለመጨረስም የሚሄደው እዚያ ነው። ከፍታው ወደ 3000 ሜትር እንደሚጠጋ ግን ለአሜሪካዊው የነገረው አልነበረም። ገና ሜዳ ሳንደርስ ያ መቶ ምናምን ኪሎ ባሕር ዛፍ ተደግፎ «አየር የለም! አየር የለም!» እያለ ያለከልካል። እንጨት የተሸከሙ እናት ጎንበስ ብለው በአጠገቡ ሲያልፉ «አይዞህ ልጄ» አሉት። ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ አፍሮ መሰለን።

ታናሽ ወንድማችን፣ ያኔ 14 ዓመቱ፣ ኳርተርባክ ሆነ። ከፊቱ ሦስት ሰው፦ የሰፈራችን ልጅ ሴንተር፣ ወንድሟ በቀኝ ጋርድ፣ እኛ በግራ ጋርድ። ሰብረው የሚገቡት ሁለት ናቸው፤ በእኛ ፊት የአክስታችን ልጅ፣ በሴንተሯ ፊት ጂም የሚሠራ ጎረቤታችን።

የመጀመሪያው ትምህርት «ወደ ሰውየው አትሂዱ፣ እሱ ይምጣ» የሚል ነበር። እኛ ግን ተንደርድረን ሄድን። ዘወር አለልንና በግንባራችን ጭቃው ላይ ተዘረጋን። አራት ጊዜ። ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በመዳፍ ደረቱን መቀበል ነው እንጂ መጋፋት አይደለም። እጅ ዘርግቶ በመዳፍ መከላከል እንኳ በኤን.ኤፍ.ኤል. በግልጽ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው አለን።

ሁለተኛው «ውስጡን መጀመሪያ ዝጉ» ይላል። ወደ ኳርተርባኩ አጭሩ መንገድ በውስጥ በኩል ነው፤ በውጭ የሚዞረው ሰው ይዘገያልና ጊዜ ይሰጣል። ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ አልገባንም። በዚህ መሐል ሸምገል ያሉ የፓርኩ ጥበቃ መጡ። ሊያባርሩን ነው ብለን ተሳቀቅን። ጥቂት ቆመው አዩና «በሩን ከፍታችሁ አጥሩን የምትጠብቁት ለምንድን ነው?» አሉን። የአክስታችን ልጅ ሲተረጎምለት ሊያቅፋቸው ደረሰ።

ሦስተኛው ነው ጉዳችንን ያፈላው። አንዳንዴ ሁለቱ ባላጋራዎች ይሻገራሉ። ከፊትህ ያለው ድንገት ወደ ጓደኛህ ይሄዳል፤ አንተን ይዞህ ሊሄድ ነው። ቦታህን ስትለቅለት ሌላው በኋላው ዞሮ በለቀቅከው ክፍተት ይገባል። ስለዚህ የሄደውን ለጓደኛህ ጮኸህ ታስረክበዋለህ፣ አንተ ክፍተትህ ላይ ትቆያለህ። «የሄደውን ተወው፣ የሚመጣ አለ» ብሎ አስደገመን። የሚመጣ ከሌለስ? ያኔ ዞር ብለህ የተቸገረውን ጓደኛህን ታግዛለህ።

ለእረፍት ስንቀመጥ የአባቱን ታሪክ አወራን። አባቱ በሱዳን በኩል ዋሽንግተን የገባው በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ነው። የከተማዋ ቡድን የፊት መስመር ያኔ «አሳማዎቹ» በሚል ቅጽል ይጠራ ነበር፤ ደጋፊዎች የአሳማ አፍንጫ አጥልቀው ስታዲየም ይገቡ ነበር። (እናታችን አልሰማችም፣ ተመስገን።) ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ማታ የዚህ ቡድን ኳርተርባክ ጆ ታይስማን ኳስ ሊወረውር ሲል የኒውዮርኩ ሎውረንስ ቴይለር ደረሰበት። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ቴይለር ራሱ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ እርዳታ ሲጠራ በቴሌቪዥን ታየ። ታይስማን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። አባቱ ስለዚህ ጨዋታ መጀመሪያ ያወቀው ይህንን ነው፤ ልጁ ልጫወት ሲለው «ጠባቂ ከሆንክ ተጫወት» አለው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «የመጨረሻ አንዴ» አለ። እኛ ከሰዓቱን ሙሉ ስንወድቅ ውለናል፤ አንዴ እንኳ ሳናቆመው መሄድ አልፈለግንም። ኳሷ ተነሳች። ወደ እኛ መጣ፣ ከዚያ ድንገት ወደ ሴንተሯ ታጠፈ። ተከተልነው። ደግሞ ያዝነው! ሁለት መዳፋችንን ደረቱ ላይ አድርገን ቀጥ አደረግነው። ፊቱን አየነው፤ እሱ ግን እኛን አላየም፣ በትከሻችን ላይ ወደ ኋላችን ያያል። «አንተ!» ብሎ ጮኸ፣ እኛን ነው። ጎረቤታችን በተውነው ክፍተት ገብቶ፣ ጭቃው አንሸራቶት፣ መቆም አቅቶት ነበር። ወንድማችን ዓይኑ ሩቅ ነው፣ እጁ ወደ ላይ ነው። በተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ በእጁ ወደቀ።

ራጅ ተነሳ፣ የእጅ አንጓው ተሰብሯል፣ ጀሶ ታሰረለት። ማታ ቤት ስንገባ እናታችን ወጌሻ ካልመጣ ብላ ካለቀሰች በኋላ ቀና ብላ «ማነው?» አለች። አፋችንን ከፈትን። የአክስታችን ልጅ በመሐላችን ገብቶ ቆመ። «እኔ ነኝ አክስቴ። እኔ ገፋሁት።» አማርኛው አልተሳሳተም። (በ«እኔ» ወንድና ሴት የለም።)

«መቶ ኪሎ ሰውዬ ሆነህ በሕፃን ላይ!» አለችው። እኛም አፋችንን መልሰን ዘጋን።

ለቀረው 11 ቀን ጉርሻ ቀረበት። ምግቡ ይቀርብለታል፣ ጉርሻ ግን የለም። እናቱ ከሜሪላንድ ደውላ ስትጮህበት ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይሰማል። በሦስተኛው ሌሊት በረንዳ ላይ «ለምን?» አልነው። «አንተ እዚህ ነው የምትኖረው» አለን፣ «እኔ እሄዳለሁ።» ነገ እንናገራለን ብለን ተኛን። ቦሌ ስንሸኘው እናታችን ለእህቷ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ አስይዛ ለእሱ «ደህና ግባ» ብቻ አለችው።

የወንድማችን እጅ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ አንጓውን ይዞ ያሻል። የገፋው የአክስታችን ልጅ እንደሆነ ነው እስካሁን የሚያውቀው፤ ሩቅ ያይ ስለነበር አልፈርድበትም አንልም፣ አላየም። ጎረቤታችን መንገድ ላይ ሲያገኘን «ጋርዷ» እያለ ይስቃል እንጂ ለማንም አልተነፈሰም።

አሁን አክስታችን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ነው፤ እናታችን ልታስታምማት ወደ ሜሪላንድ ትሄዳለች። ሦስት ወር የምትቀመጠው እሱ ባለበት ቤት ነው። ኤርፖርት የሚቀበላትም እሱ ነው። «በሱ መኪና አልገባም፣ የሐበሻ ታክሲ አለ አይደል?» ትላለች ሻንጣዋን እየጠቀጠቀች። ይህን ጽሑፍ ወንድማችን ቀድሞ ያነበዋል። ለእናታችን እሑድ ቡና ሲፈላ እኛው እናነብላታለን። በረራዋ ማክሰኞ ማታ ነው።