ስኳር የማይገዛ ቤት

ስኳር መግዛት የተወ ቤት፣ ስኳር መብላት ትቷል ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ከልባቸው የመረመሩ አንድ ብራዚላዊ ሐኪም አሉ። ካርሎስ ሞንቴይሮ ይባላሉ፤ በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብና የኅብረተሰብ ጤና ፕሮፌሰር ናቸው። የአገራቸው ቤተሰቦች ከገበያ ምን ይዘው እንደሚገቡ የሚያሳዩ የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሲያስተያዩ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። በየቤቱ የሚገዛው ስኳር፣ ጨውና ዘይት እያነሰ ሄዷል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት ግን እየበዛ ነው። መልሱን እንዲህ አገኙት፤ ስኳርና ዘይት የሚገዛ ቤት ምግብ የሚያበስል ቤት ነው። መግዛቱን የተወው ስኳሩን አልተወም፤ ፋብሪካ ከብስኩቱና ከለስላሳው ጋር ለውሶ ያቀርብለታል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 ምግብ በፋብሪካ በተሠራበት መጠንና ዓላማ እንዲመደብ ሐሳብ አቀረቡ።

ይህን ሳነብ የታየኝ የእናቴ ጓዳ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለባት ከተነገራት ወዲህ የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛ ተነሥቷል፤ ቡናዋንም ባዶውን ነው የምትጠጣው። ይሁንና የእኛ ሰው ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም። ብስኩት ይመጣል፤ የታሸገ ጭማቂ ይመጣል። አንዱን እሽግ ገልብጬ አየሁት፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቋንቋውም የባዕድ ነው። እናቴ የምታነበው አማርኛ ነው።

የብራዚል ጤና ሚኒስቴር ከእነ ፕሮፌሰሩ ጋር አዘጋጅቶ በ2014 ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ ሕዝቡን በግራምና በካሎሪ አያደናግርም። ትኩስ ምግብ አብስላችሁ ብሉ፤ ሲቻልም ከሰው ጋር ብሉ ይላል። መሶብ ከብበን ላደግነው ይህ እንግዳ ምክር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ግን ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ቸኩሎ የገባ ሰው የእሽግ ጀርባ አያነብም። ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ ጎጂ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛበት እሽግ ፊቱ ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ጥቁር ምልክት እንዲኖረው አዘዘች፤ ማስታወቂያውንም ገደበች። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት የእነዚህ ጣፋጭ መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ብራዚልም ከ2022 ወዲህ የማጉያ መነጽር ሥዕል ታስለጥፋለች፤ በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር የተጨመረበት ብስኩት ከዚህ ምልክት አያመልጥም።

እናቴ እንግዳ ያመጣላትን «አልቀበልም» አትልም፤ ይሉኝታ አለ። ብስኩቱ አንድ ጊዜ ደጃፏን ካለፈ በኋላ ምልክቱ ብዙም አይረዳትም። ምልክቱ የሚያስፈልገው ሱቅ ለቆመው ጠያቂ ነው። እሱ እዚያው፣ ገንዘቡን ሳይከፍል፣ ጥቁሩን ምልክት ቢያይ እጁን ወደ ብርቱካኑ ያዞር ይሆናል፤ ማንም ማንንም ሳያሳፍር።